የእትዬ ሰዓዳ ግራ እጅ

እትዬ ሰዓዳ መሞታቸውን የሰማሁት አራት ነገር በአንድ ጊዜ እየሠራሁ ነው። ወተት ጥጃለሁ፤ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ቀርቅሬ ከኮምቦልቻ ከደወለችልኝ ከሐዋ ጋር አወራለሁ፤ በዚያ ላይ በመስኮት አሻግሬ እዚህ ደሴ በኛ በቧንቧ ውሃ ሰፈር ማን ከማን ጋር እንደቆመ እቆጣጠራለሁ። ሐዋ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ወሬ ስታወራ ዋናውን ለመጨረሻ ማቆየት ልማዷ ነው። የልጇን ምርቃት፣ የበርበሬውን መወደድ፣ የጉልበቷን ሕመም አንድ በአንድ ከነገረችኝ በኋላ ድምጿ ተለወጠና «እትዬ ሰዓዳ ዛሬ ሱብሂ ላይ ወደ አኼራ ሄዱ» አለችኝ።

ወተቱ ገነፈለ፣ ቢላዋው ጣቴን ነካኝ፣ ስልኩ ሽንኩርቱ ላይ ወደቀ። ከአራቱ አንዱንም በቅጡ አልሠራሁም። እሳቸው ቢያዩኝ ኖሮ ፈገግ ብለው «አስካለ፣ አንዱን ምረጪ» ይሉኝ ነበር። ይህች «አንዱን ምረጪ» የምትባል ነገር ከየት እንደመጣች ካልተናገርኩ ስለ እሳቸው ምንም አልተናገርኩም ማለት ነው።

ኮምቦልቻ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል፣ አስራ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ሠርተናል። ሁለታችንም ያኔ ደሴ ነበር የምንኖረው፤ ጠዋት በሠራተኛ አውቶቡስ ሹራብ ለብሰን እንወርዳለን፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራባችንን አውልቀን በጨርቅ እንጠቀልላለን። መንገዱ አጭር ነው፤ አየሩ ግን ሁለት አገር ነው። የሽመና ክፍልን ጩኸት ለማያውቅ ሰው ላስረዳው፦ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ ሰምቶ ያውቃል? ያንን ስምንት ሰዓት ሙሉ ያለማቋረጥ ነው። አጠገብሽ ያለች ሴት ብትጮህ አፏ ሲከፈት ታያለሽ እንጂ ቃሏን አትሰሚም።

ታዲያ ሴት ልጅ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳታወራ ልትውል ነው? ምን ቆርጧት! ጆሯችንን በጥጥ ደፍነን በእጅ ነበር የምናወራው። ጣት ላይ ቀለበት የማጥለቅ ምልክት ካሳየሽ ሠርግ አለ ማለት ነው። መዳፍ ሆድ ላይ ካረፈ አንዷ አርግዛለች። ሁለት እጅ ወገብ ላይ ከሆነ አማት መጥታለች፣ አላህ ይድረስላት። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ግራ እጅን ጭን አጠገብ አድርጎ ጣቶቹን ቶሎ ቶሎ ማርገብገብ ነበር። ይህ ማለት «ጥላዬ መጣ» ነው።

አቶ ጥላዬ ተቆጣጣሪያችን ነው። ሙቀት አይችልም፤ ሁልጊዜ በያዘው ወረቀት ፊቱን እያራገበ ነው የሚገባው። ወረቀቱ የምርት ሪፖርት ነበር። በእኛ ክፍል ሪፖርት ሲነበብ አላየሁም፤ ሲያራግብ ግን አስራ ስድስት ዓመት አይቻለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ እሱ ሁለቱንም ነበረ።

እትዬ ሰዓዳን በዚያ ዘመን ያየ ሰው ሌላ ትርኢት አያስፈልገውም ነበር። አራት ማሽን ይጠብቃሉ። ክር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል፤ የሠራተኛዋ ሥራ ጫፍና ጫፉን ፈልጋ፣ ቋጥራ፣ ማሽኑን ማስነሳት ነው። እሳቸው በቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ክሩን ይቋጥራሉ፣ በግራ እጃቸው በቃሉ ወረዳ የተደገሰውን ሠርግ ከነዝርዝሩ ይነግሩናል፣ በዓይናቸው የተቀሩትን ሦስት ማሽኖች ያያሉ፣ በከንፈራቸው ዚክር ያደርጋሉ። ቋጠሮው ደግሞ ከጨርቁ ላይ በጣትሽ ብትዳብሺው አታገኚውም። ፋብሪካው ውስጥ ቋጠሮ የሚያውቅ ሁሉ፣ አቶ ጥላዬም ጭምር፣ ከእሳቸው ነው የተማረው። ጥላዬ ተለማማጅ ሆኖ የመጣ ጊዜ አጠገባቸው አቁመው አንድ ሳምንት ሙሉ አስተምረውታል።

አንድ ጠዋት ታዲያ ቀና ስል የእትዬ ሰዓዳ ግራ እጅ ጭናቸው አጠገብ ይርገበገባል። ቆሎዬን ኪሴ ከተትኩ፣ ሐዋ ጸጉሯን መሥራት አቆመች፣ ከወዲያ ጥግ ተደግፈው ያንቀላፉት ሁሉ ዘለው ማሽናቸው ላይ ቆሙ። ጥላዬ የለም። ጠበቅን፤ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ እንደገና እጃቸው ተርገበገበ፣ እንደገና ዘለልን፣ እንደገና የመጣ የለም። ማታ አውቶቡስ ውስጥ ሐዋ «እትዬ ሰዓዳ፣ ምነው ዛሬ ቀለዱብን?» አለቻቸው። እሳቸው ግራ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አስገብተው ዝም አሉ። ዝምታቸው አላማረኝም። የቀለደ ሰው እንዲህ ዝም አይልም።

ነገሩ በዚያው ቀጠለ። በሳምንቱ አጋጣሚ ሆኖ እጃቸው በተርገበገበ በደቂቃው ጥላዬ እውነትም በሩን ከፍቶ ገባ። አይ ሰው! ያን ቀን ወሬው ተለወጠ። እትዬ ሰዓዳ ከራማ አላቸው፣ አለቃ ከቢሮው ሳይነሳ ይታያቸዋል ተባለ። ከማቅለሚያ ክፍል ሰይድ የሚባል ሰውዬ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ መጥቶ ዝውውሬ ይሳካ እንደሆን ንገሩኝ አላቸው። ስኳሩን መልሰው ሰጡትና ማመልከቻህን አስገብተሃል ወይ ብለው ጠየቁት። አላስገባም ነበር።

ከራማ ካላቸው ደግሞ ማን ይቀልዳል? እጃቸው በተርገበገበ ቁጥር ሃያ ሁለት ሴት ቀጥ ብላ ትሠራ ጀመር። በቀን አስር ጊዜ፣ አስራ አምስት ጊዜ። በወሩ መጨረሻ የኛ ክፍል ምርት ከሁሉም በለጠ። በሁለተኛውም ወር እንዲሁ። አቶ ጥላዬ ምስጉን ተቆጣጣሪ ተብሎ የምስክር ወረቀትና ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ተሸለመ። ስለ አዲሱ የአመራር ዘይቤው ሃምሳ ደቂቃ ንግግር አደረገ። እኛም አጨበጨብን። ዘይቤው ከኋላ ወንበር ነጠላ ሥር ተደብቆ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እውነቱን እኔ ያወቅሁት በምሳ ሰዓት ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ጥላ ፈልገው ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ክኒን እንደሚያሽ ሰው ይታሻሉ። ሲያዩኝ እጃቸው ላይ ተቀመጡበት። ወላሂ እላችኋለሁ ልል ነበር፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ በማርያም እላችኋለሁ፣ ሰው እጁ ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እርስዎ፣ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

ደሴ ሐኪም ቤት ሄደው እንደነበር ነገሩኝ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን የሚባል ሕመም አለብዎት ቢላቸው እሳቸው «ፓርኪንግ» ብለው ሰምተው፣ ልጄ፣ እኔ በአውቶቡስ ነው የምሄደው፣ መኪና የለኝም ብለውታል። ከዚያ ሐኪሙ ጣትና ጣታቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲያጋጩ አዘዛቸው። ቀጥሎ የሹራብዎን ቁልፍ ይቆልፉ አላቸው፣ ቆለፉ። ቀጥሎ ደግሞ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ቁልፉን ይቆልፉ አላቸው። «ዘጠና ሦስት ስል እጄ ቀጥ አለ። እጄን ሳነሳው ዘጠና ሦስቱ ጠፋኝ። ቁልፉን ቆለፍኩለት፣ መቶው ግን እዚያው ቀረ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግማሽ ነበር።

ሐኪሙ ያስረዳቸውን እሳቸው በሽመና ቋንቋ አስረዱኝ። ድሮ እጃቸው ሳይልኩት ራሱ ይሄድ ነበር፤ ልባቸው ሌላ ነገር ሲያስብ እሱ ክሩን ቋጥሮ ይጠብቃቸዋል። አሁን ግን ለእያንዳንዱ ጣት ትእዛዝ መስጠት አለባቸው። ትእዛዝ ሲሰጡ ወሬ ከገባ ትእዛዙ ይቋረጣል። «ብቻውን ከሠራ ይታዘዘኛል፣ አስካለ። ሥራ ስሰጠው ጸጥ ይላል፤ ሳሳርፈው ነው የሚንቀጠቀጠው። ከዚህ ፋብሪካ ሰው ሁሉ እሱ ብቻ ነው ሥራ ሲፈታ የሚያፍር።» ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። ጡረታ ለመውጣት ዓመት ከስምንት ወር ይቀራቸዋል። ከማሽናቸው ላይ ሌላ ሰው ሳያነሳቸው በራሳቸው እግር መውጣት ነው የሚፈልጉት። ሰላሳ ዓመት ከቆሙበት ቦታ እንደ አሮጌ ዕቃ ተገፍተው መውጣቱን ሲያስቡት እንቅልፍ ያጣሉ። ለማንም እንዳትናገሪ፣ አደራ አሉኝ። አደራውን ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲያ ክር ሲቋጥሩ አጠገባቸው እየሄድኩ እቆም ነበር፤ ማንም በምልክት እንዳያናግራቸው። ክኒናቸውን በሰዓቱ እንዲውጡ አስታውሳቸዋለሁ። ሁለት ነገር በአንዴ መሥራት ትተው አንድ አንድ ሲሠሩ፣ ቋጠሯቸው እንደ ድሮው ነው፤ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። እኔም ሳላስበው አንዳንዴ አፌን ዘግቼ ስሠራ ራሴን አገኘው ነበር፤ ሐዋ ታመምሽ እንዴ አለችኝ።

እንዲህ እያልን ዓመቱን እናገባድደው ነበር፣ ሥልጠና ባይመጣ። አቶ ጥላዬ ሽልማቱ ጥሞት አሠልጣኝ አስመጣ። ርዕሱ «በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ የመሥራት ክህሎት» ነው። አሠልጣኙ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ብዙ ሥራ ሲናገር አንድ ሥራ ብቻ ሠራ፤ ተናገረ። በሦስተኛው ቀን ፈተና አለ ተባለ። እያንዳንዳችን አቶ ጥላዬን ጨምሮ አምስት ሰው የተቀመጠበት ኮሚቴ ፊት ቀርበን አስር ቋጠሮ መቋጠር፣ እየቋጠርን ደግሞ የድርጅቱን ራዕይና ተልዕኮ በቃላችን ማለት አለብን። ያልቻለች ከማሽን ትነሳለች።

እኔ አለፍኩ። ዘጠኙን ቋጠሮ ከክሩ ጋር፣ አስረኛውን ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጥሬ ነው የወጣሁት። ራዕዩንም ከተልዕኮው ጋር ቀላቅዬዋለሁ። ኮሚቴው ራዕዩን ስለማያውቀው በጣም ጥሩ ብሎ ጻፈልኝ።

ተረኛዋ እትዬ ሰዓዳ ነበሩ። በሩ ላይ ቀረሁ። ተቀመጡ፣ «ቢስሚላህ» አሉ፣ ጀመሩ። ግራ እጃቸው እንደ ጨዋ ልጅ ታዝዞ ክሩን ያዘ። ሁለት ቋጠሩ። አሠልጣኙ ራዕዩን ጠየቃቸው። እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ክር እንደተበጠሰበት ማሽን ቀጥ አለ። አሠልጣኙ ጮክ አድርጎ ደገመው። እጁ ንቅንቅ አላለም። እኔ በሩ ላይ ሆኜ አለቀ፣ አወቁባቸው አልኩ።

እትዬ ሰዓዳ ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ቀና አሉ።

«ልጄ፣ አንዱን ምረጥ» አሉት። «ክሩን ነው ወይስ ራዕዩን?»

ሁለቱንም ነው አላቸው፣ የፈተናው ትርጉም እኮ እሱ ነው።

«ሁለቱንማ ደኅና ሳለሁ ከነሐሜቱ እሠራላችሁ ነበር። አሁን ታምሜያለሁ። እጄ አንድ በአንድ ነው የሚሠራው። ዝም ካላችሁልኝ አስሩንም እቋጥራለሁ።»

እንግዲህ ተናገሩት። ኮሚቴው ተያየ። በፋብሪካው ዕድሜ ስብሰባ ዝም እንዲል ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው መሰለኝ። እሺ አሉ። እሳቸው ሦስተኛውን ሲጀምሩ የጥራቱ ኃላፊ ስልክ ጮኸ። እንደገና ሲጀምሩ ቃለ ጉባኤ ያዡ «ዝምታው ይመዝገብ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ አሠልጣኙ ስለ ዝምታ ጥቅም አጭር ማብራሪያ ሰጠ። አምስት የተማረ ሰው አንድ ነገር ብቻ እንዲሠራ ተለመነ፣ ዝም እንዲል፣ አልቻለም። ሁለት አይወዱ ከመነኮሱ አይወልዱ የሚለውን እነዚህ ሰዎች አልሰሙም። በአራተኛው አቶ ጥላዬ ራሱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ዝም አሉ። እትዬ ሰዓዳ ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት፣ አስሩንም ቋጠሩ። እያንዳንዱን ጎተት አድርገው አሳዩዋቸው። አንዱም አልተፈታም።

ቅጹ ላይ ግን ስለ ቋጠሮው ጥራት የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም። «በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ መሥራት ትችላለች? አዎ፣ አትችልም» ብቻ ነው የሚለው። እስክሪብቶው ጥላዬ ጋ ነበረ። ቀና ብሎ ሳያያቸው «አትችልም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

«ጥላዬ» አሉት፣ ድምጻቸውን ሳያነሱ፣ «ቋጠሮ ሳስተምርህ ክሩ እየወደቀብህ አንድ ሳምንት ፈጅተሃል። አንድ ቀን ጥያቄ ጠይቄሃለሁ?»

ጥላዬ ወረቀቱን አንስቶ ፊቱን አራገበ።

ለጤናቸው ታስቦ ነው ተባለና በጨርቅ መጋዘኑ በር ላይ ወንበር ተሰጣቸው። እንዲያርፉ። ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት የሚባለው ለእሳቸው የተነገረ ይመስል፣ ሲያርፍ የሚንቀጠቀጥን እጅ ቀኑን ሙሉ እንዲያርፍ ፈረዱበት። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አያለሁ፦ እጁ ይርገበገባል፣ የሚያየው የለም። «አብሽሪ» ይሉኛል እኔን፣ እሳቸው ተገፍተው። ተናድጄ ማልቀስ አቃተኝ።

ሽመና ክፍልስ? ሽመና ክፍልማ አረፈ። ምልክት የሚሰጥ የለማ! ቆሎው ተመለሰ፣ የሐዋ ሹሩባ ተመለሰ፣ ጥግ ተደግፎ ማንቀላፋቱ ተመለሰ። በሁለት ወር ውስጥ ምርቱ ከሁሉም ክፍል መጨረሻ ሆነ። አቶ ጥላዬ ሦስት ስብሰባ ጠራ፣ አሠልጣኙን መልሶ አስመጣ፣ የተሸለመውን የግድግዳ ሰዓት አምጥቶ ሽመና ክፍል ሰቀለው። ሰዓቱን እያየን ምሳ እስኪደርስ እንቆጥር ጀመር። በመጨረሻ እኔን ቢሮው ጠርቶ ምን ሆናችሁ ብሎ ለመነኝ።

አደራውን እሳቸው ራሳቸው ኮሚቴ ፊት ፈትተውታልና ሁሉንም ነገርኩት። ምልክታችንን፣ ምልክቱ እሱ መሆኑን፣ በእትዬ ሰዓዳ ሕመም ደንግጠን ስንሠራ እሱ መሸለሙን። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የሚያራግብበት እጁ ቆመ። ከዚያ፣ ጉድ በሉ፣ መላ አገኘ። እትዬ ሰዓዳ ወንበራቸውን ይዘው ሽመና ክፍሉ መሀል፣ ሁሉም በሚያያቸው ቦታ ይቀመጡ፤ ምንም አይሥሩ፤ የተቆጣጣሪ ረዳት የሚባል መደብ ይሰጣቸዋል አለ። ይዞኝ ወደ መጋዘኑ በር ሄደና ይህንኑ ነገራቸው።

እትዬ ሰዓዳ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«እጄ ሲሠራ አባረርከው፣ ሲንቀጠቀጥ ልትሾመው?» አሉ። «አፉ በለኝ ልጄ፣ ሕመሜን አላከራይም። ከፈለግከኝ ማሽኔ ላይ መልሰኝ። ስቋጥር አታናግረኝ። ሌላ የምፈልገው የለኝም።»

ጥላዬ አፉን ከፈተ። መመሪያ ሊጠቅስ ነው ብዬ ነበር። ዘጋው። ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ላቡ በጉንጩ እየወረደ ፊታቸው ቆሞ ዝም አለ፤ ደቂቃ የሚሆን። ከዚያ ከወንበሩ ሲነሱ ክንዳቸውን ያዘ። «አሁን ገባህ» አሉት።

በማግስቱ ማሽናቸው ላይ ተመለሱ። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ለሴቶቹ ሁሉ ሕመሙን ራሳቸው አስረድተዋል፤ ከራማም ቀልድም አልነበረም፣ እጄ ነው፣ አትደንግጡ፣ ሥራችሁን አታቋርጡ ብለዋል። እንግዲህ ምልክቱ ሞተ ማለት ነው። ሁላችንም አውቀናል። ረፋዱ ላይ አንድ ክር ቋጥረው ማሽናቸውን አስነሱና ቀና አሉ፤ እጃቸው ሥራ ፈታ፤ ጭናቸው አጠገብ ይርገበገብ ጀመር።

ሐዋ አየችው። ጥላዬ እንደማይመጣ ታውቃለች። የሹሩባዋን ጫፍ ለቀቀችና ቀጥ ብላ ማሽኗ ላይ ቆመች። ቆሎዬን ኪሴ ከተትኩ። ከወዲያ ጥግ ተደግፈው የነበሩትም ተነሱ። ሃያ ሁለት ሴት ማንም ሳይመጣ ወገቧን አቃንታ ሠራች። እትዬ ሰዓዳ ዞር ዞር ብለው አዩን። ምንም ምልክት አልሰጡም፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ክራቸውን ማየት ቀጠሉ። እኔ ደግሞ አለቀስኩ። ሽመና ክፍል ለማልቀስ ምቹ ነው፣ ማንም አይሰማሽም።

እንዲህ እየሆነ ጡረታቸው ደረሰ። በራሳቸው እግር ወጡ። ኮምቦልቻ ልጃቸው ፋጡማ ጋ ገቡ፤ እኔም ከፋብሪካው ወጥቼ እዚህ ደሴ አንዲት ሱቅ ከፈትኩ፤ በየዒዱ እየወረድኩ እጠይቃቸው ነበር። ኋላ ኋላ እጁም፣ እግሩም፣ ድምጹም ተራ በተራ ከዳቸው። ሳወራቸው እስኪመልሱ እጠብቃለሁ። መጠበቅ ከእሳቸው የተማርኩት ሙያ ነው።

ሐዋ የደወለችልኝ ቀን ሹራቤን ለብሼ በሚኒባስ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ስደርስ አወለቅሁት። ወንዶቹ ጀናዛውን ቀብረው ተመልሰዋል። የሴቶቹ ድንኳን ግን ይንጫጫል፤ አንዷ ስለ ሬሳው ማማር፣ አንዷ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ አንዷ በስልክ ስለ ልጇ ጫማ። ለቅሶ ቤት ነው፣ ምን ይደረግ። የድሮ የሽመና ክፍል ሴቶች ተበታትነን ተቀምጠናል፤ አስራ አንድ እንሆናለን። ማንም የሚናገረው ጠፍቶት እርስ በርስ እንተያያለን።

እጄ ጭኔ ላይ ነበር። ራሱ ተነሳ ልበል? አላውቅም። ጣቶቼን ጭኔ አጠገብ አርገበገብኳቸው።

ሐዋ አየችኝ። ወገቧን አቃናች። ቀጥሎ ከበሩ አጠገብ ያለችው፣ ቀጥሎ ያቺ ከጥግ የነበረችው። አስራ አንዳችንም ቀጥ ብለን ተቀመጥን። የጎረቤት ሴቶች ደንግጠው ወሬያቸውን አቆሙ፣ ወደ ድንኳኑ በር ዞሩ፣ ትልቅ ሰው የገባ መስሏቸው።

«ማን መጣ?» አለችኝ አጠገቤ ያለችው።

ማንም አልመጣም አልኳት። ተነስቼ የሻይ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ፣ ዝም ብዬ፣ አንድ በአንድ።